ለቡድን የሚስማማ የሚና ጨዋታ ደንብ መምረጥ፦ ሰንበቴን በማሳያነት

መግቢያ

የሚና ጨዋታ ቡድን ሲፈርስ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ በአባላቱ ጠባይ ይመካኛል። አንዱ ንግግር አበዛ፣ ሌላው አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ፣ ሦስተኛው በውሳኔው አኩርፎ ቀረ ይባላል። ከእነዚህ ቅሬታዎች ጥቂት የማይባሉት ግን ከሰዎቹ ይልቅ ቡድኑ ከተቀበለው ደንብ የሚመነጩ ናቸው። ደንቡ አንደበተ ርቱዕ ለሆነው የሚያደላ ከሆነ የሌላው ዝምታ የጠባይ ጉዳይ ብቻ አይሆንም። ስለዚህ «የትኛው ደንብ ይሻላል?» ከሚለው ጥያቄ በፊት «ለየትኛው ቡድን?» የሚለው መልስ ማግኘት አለበት።

ይህ ጽሑፍ አንድ ቡድን የሚስማማውን ደንብ በምን መዝኖ ሊመርጥ እንደሚችል ያብራራል። ለማሳያነት የተወሰደችው በአማራ ክልል በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን የጅሌ ጥሙጋ ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ሰንበቴ ናት። ሰንበቴ የተመረጠችው ጨዋታው ስለተስፋፋባት አይደለም። በእሑድ ገበያዋ ኦሮሞው፣ አማራው፣ አርጎባውና ከምሥራቁ ቆላ የሚመጣው አፋር የሚገናኙባት ከተማ በመሆኗ፣ በሌላ ቦታ ተሸፍኖ የሚያልፈው የደንብ ምርጫ ጥያቄ እዚያ ጎልቶ ስለሚታይ ነው። የጽሑፉ መከራከሪያ አጭር ነው፤ ተስማሚው ደንብ በጠረጴዛው ዙሪያ የተቀመጠው ሰው ሁሉ «ምን ሆነ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ በመስጠት ረገድ እኩል ሊጠቀምበት የሚችለው ደንብ ነው።

የጨዋታው ምንነትና አመጣጥ

የሚና ጨዋታ ጥቂት ሰዎች ተሰብስበው በቃል የሚፈጥሩት የጋራ ታሪክ ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች የአንድን ገጸ ባሕርይ ሚና ይይዛል፤ በስሙ ይናገራል፣ በስሙ ይወስናል። በአብዛኞቹ ደንቦች አንድ ሰው የጨዋታ መሪ ሆኖ የቀረውን ዓለም፣ ማለትም አየሩን፣ መንገዱን፣ ባላጋራውንና አላፊ አግዳሚውን ይወክላል። የአንድ ድርጊት ውጤት አጠራጣሪ ሲሆን ዳይስ ይጣላል፣ ካርድ ይሳባል ወይም በስምምነት ይወሰናል።

የጨዋታው ሥር ከጦር ትምህርት ቤት ይመዘዛል። እ.ኤ.አ. በ1824 የፕሩሲያው መኮንን ፎን ራይስቪትስ ያሳተመው የጦርነት ጨዋታ፣ ሁለት ወገኖች በካርታ ላይ ሲገጥሙ ውጤቱን የሚዳኝ ገለልተኛ ሰውና ዳይስ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ ሚኒሶታ ዴቪድ ዌስሊ «ብራውንስታይን» በተባለው ጨዋታው፣ ተጫዋቾች ሠራዊት ከመምራት አልፈው በአንዲት ከተማ ውስጥ ያሉ ግለሰቦችን ሚና እንዲይዙ አደረገ። ዴቭ አርነሰን ይህን መንገድ ተከትሎ ከጌሪ ጋይጋክስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1974 «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የተባለውን ጨዋታ በሦስት ትንንሽ መጻሕፍት አወጣ። ከዚያ ወዲህ ደንቦቹ እየበዙ መጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ1981 የሳንዲ ፒተርሰን «ኮል ኦፍ ክቱሉ»፣ በ2009 የጄሰን ሞርኒንግስታር «ፊያስኮ»፣ በ2010 ደግሞ የቪንሰንት ቤከር «አፖካሊፕስ ወርልድ» ወጥተዋል። ምርጫው የተወሳሰበው ይህ ብዛት በመኖሩ ነው።

«ደንብ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ሶሲዮሎጂስቱ ጌሪ አለን ፋይን እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመው ጥናቱ የሚና ጨዋታ ቡድን የራሱ ባህል ያለው ትንሽ ማኅበረሰብ መሆኑን አሳይቷል። ቪንሰንት ቤከር በበኩሉ የጨዋታ ሥርዓት ማለት ቡድኑ በምናብ በተፈጠረው ዓለም ውስጥ ምን እንደሆነ የሚስማማበት መንገድ ነው የሚል አሳብ አቅርቧል። በዚህ ትርጉም መሠረት የታተመው መጽሐፍ ሙሉው ሥርዓት አይደለም፤ የስምምነቱ አንድ አካል ብቻ ነው። መጽሐፉ አንድ ነገር ቢልና ቡድኑ ሌላ ቢያደርግ ሥርዓቱ ቡድኑ ያደረገው ነው።

ሮን ኤድዋርድስ ደግሞ ተጫዋቾች ከጨዋታው የሚፈልጉት ነገር የተለያየ መሆኑን በማመልከት ዝንባሌዎቹን በሦስት ከፍሏል። እነዚህም መፎካከርና ማሸነፍ፣ የሚያሳስብ የሰው ልጅ ጥያቄ ያለበት ታሪክ መፍጠር፣ እንዲሁም አንድን ዓለም በውስጡ ያሉ ያህል መኖር ናቸው። ክፍፍሉ ብዙ ክርክር ያስነሣ ቢሆንም አንድ ነገር አስጨብጧል፤ ደንብ ለአንዱ ዝንባሌ ሲያግዝ ሌላውን ሊያደናቅፍ ይችላል።

በሀገር ውስጥ ያለው ቅድመ ልምድ

የደንብ ልዩነትን ማስታረቅ ለኢትዮጵያውያን ተጫዋቾች አዲስ ነገር አይደለም። ሪቻርድ ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. በ1971 «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» በተባለው መጽሔት ላይ ባወጣው ሰፊ ጥናት የገበታ ጨዋታ በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ ከቦታ ቦታ እንዴት እንደሚለያይ መዝግቧል። ባለ ሁለት፣ ባለ ሦስትና ባለ አራት ረድፍ ገበታ አለ፤ የጠጠሩ ቁጥር፣ የአዘራሩ አቅጣጫና የአማራረኩ መንገድም ይለያያል። እንግዲህ ከሁለት የተለያዩ ቦታዎች የመጡ ሰዎች ለገበታ ሲቀመጡ የመጀመሪያው ጠጠር ከመዘራቱ በፊት በማን ደንብ እንደሚጫወቱ መነጋገር ግድ ይላቸዋል። ገበታ በሌላም በኩል አስተማሪ ነው። ደንቡ ከታወቀ በኋላ ለመጫወት ቋንቋ አይጠይቅም፤ ጠጠሩ በእጅ ይቆጠራል፣ ውጤቱም ለሁሉም ይታያል።

የሀገሩ ሰንጠረዥ ሌላ ትምህርት አለው። «ወረራ» በሚባለው መክፈቻው ሁለቱም ተጫዋቾች የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ ሳይጠብቁ ያንቀሳቅሳሉ። ተራ መጠበቅ የጨዋታ ሁሉ የተፈጥሮ ሕግ ሳይሆን የተመረጠ ደንብ መሆኑን ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

ለሚና ጨዋታ ይበልጥ የሚቀርቡት ግን እንቆቅልሽና ዕቃ ዕቃ ናቸው። በእንቆቅልሽ መልሱ የጠፋበት ሰው «ሀገር ስጠኝ» ይባላል። ጠያቂው የተሰጠውን ሀገር ሊቀበልም ሊገፋም ይችላል፤ ሲቀበል ሹም ሆኖ በምናቡ ይገዛል፣ ይፎክራል፣ በተሸናፊው ይቀልዳል። በኦሮምኛው «ሂቦ»ም ተመሳሳይ የሀገር ስጦታ አለ። ስለዚህ ሁለቱን ቋንቋዎች የሚናገሩ የሰንበቴ ልጆች በምናብ የሚሰጥና የሚወሰድ ነገርን በደንብ የሚመራ ጨዋታ አስቀድመው ያውቃሉ። ዕቃ ዕቃ በአንጻሩ እናት፣ አባትና እንግዳ የሚባሉ ሚናዎች አሉት፤ አለመግባባትን የሚፈታ ደንብ ግን የለውም። ልጆቹ እስከተስማሙ ድረስ ይሄዳል፤ «እናት እኔ ነኝ፣ አንቺ አይደለሽም» የተባለ ዕለት ያበቃል። የታተሙት ደንቦች ሁሉ ይህን ቅጽበት ለማለፍ የተፈለሰፉ ዘዴዎች ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አራቱ መመዘኛዎች

በሰንበቴ አምስት ተማሪዎች ለጨዋታ ተሰበሰቡ እንበል። ሁለቱ አፋቸውን በኦሮምኛ የፈቱ ናቸው፤ ሁለቱ በአማርኛ፣ አንዱ ደግሞ በአፋርኛ። ለዚህ ቡድን ደንብ ሲመረጥ አራት ጥያቄዎች ይቀድማሉ።

የመጀመሪያው ቋንቋና ጽሕፈት ነው። የሚና ጨዋታ ኃይሉ በቃል ነው። መሪው «ዘበኛውን እንዴት ታሳምነዋለህ?» ብሎ ሲጠይቅ ተጫዋቹ በሚያቀርበው ንግግር ጥራት የሚፈርድ ከሆነ፣ በሁለተኛ ቋንቋው የሚጫወተው ሰው በየተራው ይቀጣል። ገጸ ባሕርዩ አንደበተ ርቱዕ ሆኖ ሳለ ባለቤቱ ስለተንተባተበ ይሸነፋል። በአንጻሩ ተጫዋቹ ያሰበውን በአጭሩ ተናግሮ ውጤቱን በገጸ ባሕርዩ ችሎታና በዕጣ የሚወስን ደንብ ይህን ልዩነት ያጠባል። ጽሕፈቱም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በዞኑ በኦሮምኛ የተማረው ተማሪ በቁቤ ይጽፋል፣ ሌላው በፊደል። የገጸ ባሕርዩ መግለጫ አራት ገጽ ከሆነ ጎረቤት የጎረቤቱን ወረቀት ማንበብ ይሳነዋል። አምስት ቁጥሮችና ጥቂት ምልክቶች ብቻ ከሆነ ግን ሁሉም ያነበዋል።

ሁለተኛው የፍርድ ሥልጣን ነው። መሪው በዕድሜ ታላቅ ወይም መምህር ሲሆን ውሳኔው በጨዋታው ደንብ ብቻ ሳይሆን በአክብሮትም ይጸናል፤ ታናሹ ቅሬታውን ይውጣል። አማርኛ ይህን ጉዳይ ይበልጥ ያጎላዋል፤ ተናጋሪው «አንተ» ወይም «እርስዎ» ሳይል ሰው ማናገር አይችልምና። ታናሹ የንጉሥ፣ ታላቁ የአሽከር ሚና ቢይዙ አሽከሩ ንጉሡን «አንተ» ይለዋልን? ጾታም እንዲሁ በግሱ ላይ ይታያል፤ ወንድ ተጫዋች የሴት ገጸ ባሕርይ ሲይዝ «ሂድ» ወይስ «ሂጂ» እንደሚባል መወሰን አለበት። ቡድኑ አጠራር ሚናን እንዲከተል ከተስማማ ቋንቋው ራሱ የጨዋታና የእውነት ድንበር ጠባቂ ይሆናል፤ «እርስዎ» ወደ «አንተ» በተመለሰበት ቅጽበት ተጫዋቹ ከሚናው እንደወጣ ሁሉም ያውቃል።

ሦስተኛው ዕድልና እምነት ነው። በርካታ የእስልምና የሕግ ሊቃውንት ዳይስ መጣልን ገንዘብ ባይያዝበትም አይፈቅዱም። አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም በሆነበት አካባቢ ይህን ሳይጠይቁ ዳይስ ጠረጴዛ ላይ መበተን አንድን አባል በዝምታ ማስወጣት ሊሆን ይችላል። አስማትና አጋንንት የበዛበት ታሪክም ለሙስሊሙም ሆነ ለክርስቲያኑ ቅር ሊያሰኝ ይችላል። መፍትሔው ግን ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው የኤሪክ ዉጂክ «አምበር» ያለ አንዳች ዕጣ የሚሠራ ደንብ ነው፤ ተጫዋቾች የችሎታን ደረጃ በመጀመሪያ በጨረታ ይከፋፈሉታል፤ ከዚያ ወዲያ ውጤት የሚወሰነው ደረጃንና ሁኔታን በማነጻጸር ነው።

አራተኛው ደንቡ ስለ ሰው የያዘው እሳቤ ነው። «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ከጥንት ጀምሮ ገጸ ባሕርያትን በዘር ይከፋፍል ነበር፤ በ1974ቱ ደንብ ሰው ያልሆኑት ዘሮች ሊደርሱበት የሚችሉት ደረጃ ተገድቦ ነበር። በኋላም ለረጅም ጊዜ ጥንካሬና ብልሃት በዘር የሚታደሉ ነገሮች ሆነው ቆይተዋል። አሳታሚዎቹ እ.ኤ.አ. በ2020 ይህን የሚያላላ አማራጭ አቀረቡ፤ በ2024 እትም ደግሞ ቃሉን ራሱን ለውጠው «ዝርያ» የሚል ትርጉም ያለው ሌላ ቃል ተክተውበታል። በእንግሊዝኛ የተነሣው ክርክር ወደ አማርኛ ሲመጣ ይከብዳል። በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በጅሌ ጥሙጋ አካባቢ የሰው ሕይወት የጠፋበትና ብዙዎች የተፈናቀሉበት ግጭት ከደረሰ በኋላ፣ «ይህ ዘር በተፈጥሮው ክፉ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር በጨዋታ መልክም ቢሆን እንደ ዋዛ የሚነበብ አይደለም። ስለሆነም ልዩነትን ከትውልድ ይልቅ ከሙያ፣ ከልምድና ከገቡት ቃል የሚያመነጭ ደንብ ለዚህ ጠረጴዛ ይቀርባል።

ደንቦቹ ሲመዘኑ

ልዩነቱን በአንድ ታሪክ ማየት ይቻላል። በእሑድ ገበያ አንድ ግመል ከነጭነቱ ይጠፋል፤ ገበያው ሳይበተን መገኘት አለበት።

በ«ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ታሪኩ ወደ ዱካ ፍለጋና ወደ ግጥሚያ ያዘነብላል፤ አብዛኛው ደንቡ የተጻፈው ስለ ውጊያ ነውና። ባለ 20 ገጽታው ዳይስ እያንዳንዱን ቁጥር እኩል 5 በመቶ ዕድል ስለሚሰጠው ጎበዙም በቀላል ነገር ሊወድቅ ይችላል። ሦስቱ ዋና መጻሕፍት እያንዳንዳቸው ከ300 ገጽ በላይ ናቸው። መሠረታዊ ደንቡ እ.ኤ.አ. በ2023 በነጻ ፈቃድ መለቀቁ ለመተርጎም በሩን ከፍቷል፤ ይሁን እንጂ እንግሊዝኛውን የሚያነበው አንድ አባል ብቻ ከሆነ የደንቡ ሁሉ ዳኛ እሱ ይሆናል።

በ«ኮል ኦፍ ክቱሉ» ያው ታሪክ ምርመራ ይሆናል። ችሎታ በመቶኛ ስለሚጻፍ ለመረዳት አያስቸግርም፤ 60 ያለው ሰው ከመቶ 60 ጊዜ ይሳካለታል። ችግሩ ፍንጭ ማግኘት በዕጣ ሊወድቅ መቻሉ ነው። ከአፋር የመጣው ተጫዋች ይህን እንግዳ ሊያገኘው ይችላል። በዳጉ ባህል ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ያዩትንና የሰሙትን ይለዋወጣሉ፤ ወሬን በታማኝነት ማስተላለፍ ግዴታ ነው እንጂ የዕድል ጉዳይ አይደለም። ሮቢን ሎውስ የነደፈው «ገምሹ» የተባለው ደንብ ለዚህ አመለካከት ይቀርባል፤ ተገቢው ችሎታ ያለው መርማሪ በተገቢው ቦታ ከፈለገ ዋናውን ፍንጭ ያለ ዕጣ ያገኘዋል፤ የጨዋታው ክብደት ፍንጩ ምን ማለት ነው በሚለው ላይ ያርፋል።

በ«አፖካሊፕስ ወርልድ» ደግሞ ዋናው ጥያቄ «ምን ያስከፍላል?» ይሆናል። ሁለት ባለ ስድስት ገጽታ ዳይሶች ይጣላሉ። ድምሩ 10 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ ይሳካል፤ ከ7 እስከ 9 ከሆነ ይሳካል፣ ነገር ግን ዋጋ ይጠየቅበታል፤ 6 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ መሪው ችግር ያመጣል። ተጨማሪ ነጥብ ከሌለ ዕድሉ ከ36ቱ በቅደም ተከተል 6፣ 15 እና 15 ነው። ይህ ስሌት ዳይስ ለማይፈልግ ቡድን ጠቃሚ ነው፤ በከረጢት ውስጥ 2 ነጭ፣ 5 ግራጫና 5 ጥቁር ጠጠር አድርጎ አንዱን ማውጣት ያንኑ ዕድል በትክክል ይሰጣል። ለሠለጠነ ገጸ ባሕርይ አንዱን ጥቁር በነጭ መተካት ይቻላል። ጠጠሩም የገበታ ጠጠር ሊሆን ይችላል።

«ፊያስኮ» ከእነዚህ ሁሉ ይለያል። ከ3 እስከ 5 ሰው በአንድ ምሽት ይጫወተዋል፤ መሪ የለውም። ባለተራው ትዕይንቱን ራሱ ከከፈተ መጨረሻውን ሌሎቹ ይወስናሉ፤ መጨረሻውን መወሰን ከፈለገ ደግሞ ሌሎቹ ይከፍቱለታል። የፍርድ ሥልጣን በመከፋፈሉ በዕድሜ የመበላለጥ ጫና ይቀንሳል። ነገር ግን ሁሉም ነገር በንግግር ስለሚሠራ የቋንቋው ጫና ይጨምራል። ስለዚህ በሁለተኛው መመዘኛ የተሻለው ደንብ በመጀመሪያው ላይ ሊወድቅ ይችላል ማለት ነው። ፍጹም ደንብ አይገኝም፤ የሚገኘው ቡድኑ አውቆ የሚሸከመው ጉድለት ነው።

የምርጫው ሂደት

ከዚህ ትንተና ሦስት ተግባራዊ እርምጃዎች ይወጣሉ። አንደኛ፣ ከጨዋታው በፊት ያለ ጨዋታ መቀመጥ ያስፈልጋል። በዚህ ስብሰባ በየትኞቹ ቋንቋዎች እንደሚነገር፣ ምን ዓይነት ታሪክ እንደማይነሣና ማን በምን ላይ እንደሚወስን ይወሰናል። ያልወደደውን ትዕይንት ያለ ማብራሪያ ለማስቆም የሚያስችል ምልክት መስማማትም በብዙ ቡድኖች የተለመደ ነው። ሁለተኛ፣ ያንኑ አንድ ታሪክ በሦስት የተለያዩ ደንቦች በሦስት ምሽቶች መጫወት ይጠቅማል፤ ታሪኩ ባለመለወጡ የሚታየው ልዩነት በአብዛኛው የደንቡ ይሆናል። ሦስተኛ፣ ውጤቱን በስሜት ብቻ አለመመዘን ተገቢ ነው። እያንዳንዱ ሰው ስንት ጊዜ ተናገረ? ካቀረበው አሳብ ስንቱ የታሪኩ አካል ሆነ? ወደ መጀመሪያ ቋንቋው የተመለሰው መቼ ነው? እነዚህን በቀላሉ መቁጠር ይቻላል፤ ለቋንቋ፣ ለትምህርትና ለማኅበራዊ ጥናት ተመራማሪዎችም ብዙ ወጪ የማይጠይቅ የጥናት መስክ ይከፍታሉ።

ማጠቃለያ

ደንብ መምረጥ ከዕቃ ምርጫ ይልቅ ለማኅበር መተዳደሪያ ከማውጣት ጋር ይመሳሰላል። ለሰንበቴው ምናባዊ ቡድን በአራቱ መመዘኛዎች ሲታይ የሚቀርበው አጭር መግለጫ ያለው፣ ንግግርን ሳይሆን አሳብን የሚመዝን፣ ዕጣው በጠጠር ሊተካ የሚችልና ሰውን በትውልዱ የማይፈርጅ ደንብ ነው፤ ከተነሡት መካከል የ«አፖካሊፕስ ወርልድ» ሦስት ዓይነት ውጤት ከ«ገምሹ» የፍንጭ አሰጣጥ ጋር ተዳምሮ ለዚህ ይቀርባል። ሌላ ቡድን በተመሳሳይ መመዘኛ ሌላ መልስ ላይ ሊደርስ ይችላል። አንድ ደንብ የተስማማ መሆኑ የሚታወቀው በጨዋታው ማብቂያ ላይ ከሁሉም ያነሰ ቋንቋ የነበረው ተጫዋች የታሪኩን አንድ ክፍል «ይህ የኔ ነው» ብሎ ማመልከት ሲችል ነው።